የትኛውን ሥልጠና ልምረጥ? ለኢኮኖሚክስ መምህርቷ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ዓምድዎን ሁሌም እከታተላለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። የተመረቅኩትም በኢኮኖሚክስ ነው። ሙያዬን እወደዋለሁ፤ ነገር ግን እየቆየ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ተማሪዎቼ ትርጉም ሸምድደው ይመጣሉ። «ፍላጎት ምንድን ነው?» ስላቸው አንድ ቃል ሳይስቱ ይወጡታል። ጥያቄውን ትንሽ ጠምዘዝ ሳደርገው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ባለፈው ደግሞ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መንግሥት ለምን ብዙ ገንዘብ አትሞ ለሁሉም አያድልም?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። የመለስኩለት ግን እንዳላሳመነው ፊቱ ላይ አይቻለሁ።

አሁን ትምህርት ሲዘጋ ሁለት የሥልጠና ዕድል አግኝቻለሁ። አንዱ የሦስት ቀን ወርክሾፕ ነው፤ ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚሰጥ ያሳያል። ሰርተፍኬቱ ለደረጃ ዕድገት ብዙም አይያዝልኝም። ሌላው ረዘም ያለ የኦንላይን ኮርስ ነው። ከፍ ያለ የኢኮኖሚክስ ትንተና ያስተምራል፤ ሰርተፍኬቱም ክብደት አለው። ጊዜያቸው ስለሚጋጭ አንዱን መተው አለብኝ። ባልደረቦቼ ደግሞ «ሥልጠና ማለት ስላይድ አይቶ መመለስ ነው፣ ዕረፍትሽን አታባክኚ» ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት መምህርት

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሳላንዛዛ ልንገርሽ። በዚህ ዕረፍት ወርክሾፑን ምረጪ። ሰርተፍኬቱ ቀላል መሆኑን አውቄ ነው እንዲህ የምልሽ። ምክንያቴን ግን ዘርዘር ላድርገው፤ ወርክሾፕ የተባለ ሁሉ ይጠቅማል ማለት አይደለምና። ባልደረቦችሽም ዝም ብለው አልተናገሩም።

ችግሩን ራስሽ በደንብ አስቀምጠሽዋል። «መልሱን አውቀዋለሁ፣ ልጁን ግን አላሳመነውም» ብለሻል። እንግዲያው የጎደለሽ ኢኮኖሚክስ አይደለም። የጎደለሽ ኢኮኖሚክሱን ለልጁ የምታደርሺበት መንገድ ነው። ረጅሙ ኮርስ ባለሽ ላይ ይጨምርልሻል፤ የሌለሽን ግን አይሰጥሽም።

«ትምህርቱን ጠልቄ ካወቅኩት ማስረዳቱ በራሱ ይመጣል» ብለሽ ታስቢ ይሆናል። ብዙ ሰው እንደዚያ ያስባል። እስቲ አንድ ጥናት ልጥቀስልሽ። እ.ኤ.አ. በ2005 ፖል ፌራሮ እና ላውራ ቴይለር የተባሉ ኢኮኖሚስቶች አሜሪካ ውስጥ በተካሄደው ትልቁ የኢኮኖሚስቶች ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ለ199 ባለሙያዎች አጭር ጥያቄ አቀረቡ። ጥያቄው ስለ ኦፖርቹኒቲ ኮስት ነው፤ አንዱን ስንመርጥ ስለሚቀርብን ቀጣይ ምርጫ። የአንድ ዘፋኝ ኮንሰርት ትኬት በነፃ ደርሶሻል፤ ትኬቱን መልሶ መሸጥ አይቻልም። በዚያው ምሽት ሌላ ዘፋኝ ያቀርባል። የሱ ትኬት 40 ዶላር ነው፤ አንቺ ግን እሱን ለማየት እስከ 50 ዶላር ለመክፈል ፈቃደኛ ነሽ። ወደ ነፃው ኮንሰርት ስትሄጂ ኦፖርቹኒቲ ኮስትሽ ስንት ነው? ምርጫዎቹ 0፣ 10፣ 40 እና 50 ነበሩ።

አጥኚዎቹ ትክክል ያሉት 10 ነው። የ50 ዶላር ደስታ ይቀርብሻል፤ 40 ዶላሩ ግን ኪስሽ ውስጥ ይቆያል። ይህን መልስ የሰጡት 21.6 በመቶ ብቻ ናቸው። ከአራት ምርጫ በጭፍን ቢገመት እንኳ 25 በመቶ ይገኛል። በኋላ ሌሎች ኢኮኖሚስቶች «ጽንሰ ሐሳቡ ራሱ በደንብ ስላልተበየነ ከአንድ በላይ መልስ ሊኖረው ይችላል» ብለው ተከራክረዋል። በየትኛውም ወገን ብትቆሚ አንድ ነገር ግልጽ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «ይሄ ቀላል ነው» ብለን የምናልፈው ርዕስ ዶክትሬት ያላቸውን ሰዎች ያከራክራል። ተማሪዎችሽ ትርጉሙን ሸምድደው ጥያቄው ሲጠመዘዝ ቢጠፋባቸው ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም።

ሊ ሹልማን የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1986 ይህን ጉዳይ በደንብ አንስቶታል። መምህር የትምህርቱን ይዘት ማወቁ ብቻ አይበቃውም። አጠቃላይ የማስተማር ዘዴ ማወቁም እንዲሁ። ሁለቱ የሚገናኙበት ሌላ እውቀት አለ፦ ይህን ርዕስ በየትኛው ምሳሌ ልጀምረው? ልጆቹ የቱ ጋ ይሳሳታሉ? ለምንስ ይሳሳታሉ? ባንክ ውስጥ የሚሠራ ኢኮኖሚስት ይህን ባያውቅ ሥራው አይበደልም። አንቺ ግን የዕለት ሥራሽ ይኸው ነው። እኔ ጥሩ የምለው የኢኮኖሚክስ መምህራን ሥልጠና ይህን ሦስተኛ እውቀት የሚሰጠውን ነው።

ጥቂት ምሳሌ ልስጥሽ። «የዋጋ ግሽበት ከ20 በመቶ ወደ 10 በመቶ ወረደ» የሚል ዜና ለተማሪዎችሽ አንብቢላቸውና ዋጋ ምን እንደሆነ ጠይቂያቸው። ብዙዎቹ «ቀነሰ» ይሉሻል። 100 የነበረው ዕቃ መጀመሪያ 120 ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ 132። አንድም ቀን አልቀነሰም፤ የቀነሰው የሚጨምርበት ፍጥነት ነው። ይህን ሦስት ቁጥር ሰሌዳ ላይ መጻፍ የግሽበትን ትርጉም አሥር ጊዜ ከማስቀዳት ይበልጣል። ስህተቱን አስቀድማ የምታውቅ መምህርት ግን ከትርጉሙ አትጀምርም፤ ከዜናው ነው የምትጀምረው።

ወይም የእንግሊዛዊውን ኢኮኖሚስት የዴቪድ ሪካርዶን የ1817 (እ.ኤ.አ.) ምሳሌ ውሰጂ። የተወሰነ ጨርቅ ለመሥራት እንግሊዝ የ100 ሰው የዓመት ጉልበት ይፈጅባታል፤ የተወሰነ ወይን ለማምረት ደግሞ የ120። ፖርቱጋል ወይኑን በ80፣ ጨርቁን በ90 ትሠራለች። ተማሪዎቹ ወዲያው «ፖርቱጋል ሁለቱንም ትሥራ፣ በሁለቱም ትበልጣለቻ!» ይላሉ። ይህ መልስ ስህተት ቢሆንም የሚያስብ ልጅ መልስ ነው። መልሱ «ለእያንዳንዷ አንድ ወይን ስንት ጨርቅ ያሳጣታል?» በሚል ጥያቄ ይገኛል። እንግሊዝን 1.2 ጨርቅ ያሳጣታል፤ ፖርቱጋልን ወደ 0.89 ገደማ። ስለዚህ ለወይኑ ፖርቱጋል፣ ለጨርቁ እንግሊዝ ትሻላለች። ኦፖርቹኒቲ ኮስት እዚህ ጋ ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ያኛው ርዕስ ካልገባቸው ይሄኛው በምንም አይገባቸውም። ብዙ መማሪያ መጻሕፍት ሁለቱን በተለያየ ምዕራፍ ስለሚያስቀምጧቸው ዝምድናቸው ይጠፋል። ጥሩ አሠልጣኝ ቁጭ አድርጎ ይህን ያሳይሻል።

አሁን ወደ ባልደረቦችሽ ስጋት ልምጣ። ስላይድ ብቻ የሚታይባቸው ሥልጠናዎች ሞልተዋል። እንዴት ትለያለሽ? አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ ሠልጣኞቹ ምን ይሠራሉ? «ስለ አሳታፊ ዘዴ ገለጻ ይደረጋል» ካሉሽ ባልደረቦችሽ ልክ ናቸው። ሠልጣኞች እንደ ተማሪ ሆነው የሚማሩበት፣ ቀጥለው እንደ መምህር የሚያስተምሩበት ሰዓት ካለ ሂጂ።

ለምሳሌ የገበያ ጨዋታውን ላሳይሽ። ብዙ የኢኮኖሚክስ መምህራን ሥልጠና ውስጥ አለ። ለ20 ሰው 20 ካርድ ይበቃል። አሥሩ የገዢ፣ አሥሩ የሻጭ። የገዢዎቹ ካርድ ላይ ከ1 እስከ 10 ቁጥር አለ፤ ዕቃው ለዚያ ሰው ስንት ነጥብ እንደሚያወጣለት ይናገራል። ከዚያ በላይ ከፍሎ ከገዛ ኪሳራ ነው። የሻጮቹም ከ1 እስከ 10 ነው፤ ዕቃው ስንት እንዳስወጣቸው ይናገራል። ካርዱን ማንም ለማንም አያሳይም። ከዚያ «ተነሡና ተገበያዩ» ይባላል። ክፍሉ ይንጫጫል። በንድፈ ሐሳቡ መሠረት አምስት ግብይት መካሄድ አለበት፤ ዋጋውም በ5 እና በ6 መካከል መሆን አለበት።

በመጀመሪያው ዙር እንደዚያ አይሆንም። አንዱ በ8 ይገዛል፣ ሌላዋ በ3 ትሸጣለች። ግብይቱም ከአምስት ሊበልጥ ይችላል። ኤድዋርድ ቻምበርሊን ሃርቫርድ ውስጥ ተማሪዎቹን እንዲህ አገበያይቶ እ.ኤ.አ. በ1948 ያሳተመው ጽሑፍ የሚናገረውም ይህንኑ ነው፤ ገበያው መጽሐፉ ያለውን አልሠራም። በኋላ በዚሁ ጨዋታ ከተሳተፉት የቻምበርሊን ተማሪዎች አንዱ ቨርነን ስሚዝ ነበር። እሱ መምህር ሲሆን ሁለት ነገር ቀየረ። ዋጋው ሁሉም በሚሰማው ድምፅ እንዲጠራ አደረገ። ጨዋታውንም በዚያው ካርድ ደጋገመው። ዋጋው ከዙር ወደ ዙር ወደ ተጠበቀው ቁጥር ተጠጋ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1962 አሳተመ፤ በ2002 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ።

ይህን ታሪክ ያመጣሁት ለክፍልሽ ስለሚጠቅም ነው። ጨዋታውን አንድ ዙር ብቻ አጫውተሽ ደወል ከተደወለ ተማሪዎቹ «ፍላጎትና አቅርቦት ወሬ ነው» ብለው ይወጣሉ። ቢያንስ ሦስት ዙር ያስፈልጋል፤ ዋጋው በየጊዜው ጮክ ተብሎ ተጠርቶ ሰሌዳ ላይ መጻፍ አለበት። ይህን የሚነግርሽ ጨዋታውን ክፍል ውስጥ የሠራበት አሠልጣኝ ነው። ከወረቀት ያነበበው አይነግርሽም።

ከሁሉም ዋናው ግን ከጨዋታው በኋላ ያለው ውይይት ነው። «ሳትገዛ የቀረኸው ማነህ? ካርድህ ስንት ይላል?» ትያለሽ። አንዱ «2» ይላል። «እስከ 2 የሚሸጥልህ አጣህ፤ ሌሎቹስ?» ከዚያ ሁሉም ካርዱን ያወጣል። ከ10 ጀምረሽ ቁልቁል እየጠራሽ ሰሌዳው ላይ ደረጃ በደረጃ ትሥያለሽ። የፍላጎት ከርቩ፣ ማለትም በየዋጋው ስንት እንደሚፈለግ የሚያሳየው መስመር፣ ከራሳቸው እጅ ሲወጣ ያዩታል። ባለ 2ቱ ልጅ ራሱን ግራፉ ታች ያገኘዋል። ያኔ «ፍላጎት ጨመረ» እና «የሚፈለገው መጠን ጨመረ» የሚሉት ሁለት ነገሮች እንዴት እንደሚለያዩ ማሳየት ትችያለሽ። ዋጋ ሲወርድ ካርዶቹ እነዚያው ናቸው፤ ተጨማሪ ሰው ብቻ ይገባል። ካርዶቹ ራሳቸው በሌላ ከፍ ባለ ቁጥር ሲተኩ ነው ከርቩ የሚንቀሳቀሰው። ልጆች በፈተና ብዙ ነጥብ የሚጥሉት እዚህች ላይ ነው።

እግረ መንገዴን፣ ሒሳብ ላይ ጎበዝ የሆነ ልጅ «ዋጋ ምክንያት ከሆነ ለምን ቁመቱ ላይ ይጻፋል? አግድም ላይ መሆን ነበረበት» ይልሻል። እውነቱን ነው። እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት አልፍሬድ ማርሻል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በዚህ መልክ ስላስቀመጠው ልማድ ሆኖ ቀረ። እንዲህ በይውና ጥያቄውን አመስግኚው።

አሁን ገንዘብ ስለማተም ወደጠየቀሽ ልጅ እንመለስ። ጥያቄው ድንቅ ነው፤ የገለጻ መልስ ግን አይበቃውም። ለ30 ተማሪ ለእያንዳንዱ 5 ነጥብ ስጪ። ሦስት እስክሪብቶ በጨረታ ሽጪላቸው። ዋጋውን ጻፊ። ከዚያ እንደ አዲስ ለእያንዳንዱ 10 ነጥብ ስጪና ሌላ ሦስት ተመሳሳይ እስክሪብቶ አጫርቺ። ዋጋው ይወጣል፤ እስክሪብቶ የሚያገኙት ግን አሁንም ሦስት ሰዎች ናቸው። «ገንዘባችሁ እጥፍ ሆነ፤ ስንቶቻችሁ እስክሪብቶ አገኛችሁ?» ብለሽ ያን ልጅ ራሱን ጠይቂው። መልሱን ራሱ ይናገራል።

እዚያ ላይ ግን አታቁሚ። በጨዋታው እስክሪብቶው ሦስት እንዲሆን የወሰንሽው አንቺ ነሽ። በእውነተኛው ኢኮኖሚ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰውና የቆመ ማሽን ካለ ተጨማሪ ወጪ ምርትን ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ገንዘቡ ሲጨምር ዕቃው አብሮ ሊጨምር ይችላል ወይ?» የሚለው ነው። ይህን ካልጨመርሽ ልጆቹ ገንዘብ በጨመረ ቁጥር ዋጋ በዚያው ልክ ይጨምራል ብለው ይይዙታል፤ ያ ደግሞ በኋላ ያስቸግራቸዋል። እንዲህ ያለውን ጥንቃቄ ከሥልጠና ልትጠብቂ ይገባል። ጨዋታ ማጫወት ቀላል ነው። ጨዋታው የደበቀውን ማውጣት ነው ሙያው።

ሌላም አለ። ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ «ጥፋተኛው ማነው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ስለ ግብር፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኑሮ ውድነት። ሆነ የሚባለውን ነገር መሆን አለበት ከሚባለው ለይቶ ማወያየት ይለመዳል። ወርክሾፑ ለዚህ ሰዓት ከመደበ ጥሩ ምልክት ነው።

ስትመለሺስ? ባልደረቦችሽ ያስተዋሉት ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው። ብሩስ ጆይስ እና ቤቨርሊ ሻወርስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ደጋግመው እንደጻፉት፣ መምህር ገለጻ ሰምቶ፣ ሲሠራ አይቶ፣ ተለማምዶ እንኳ አዲሱ ዘዴ ክፍሉ ድረስ ላይደርስ ይችላል። የሚደርሰው በሥራው ቦታ ላይ የሚያግዘው ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ ሳትሄጂ አንድ ባልደረባ አግባቢ። ኢኮኖሚክስ ባያስተምርም ችግር የለም፤ የሒሳብ መምህር ይሆናል። ከሥልጠናው በኋላ አንድ ክፍለ ጊዜ ኋላ ተቀምጦ ይይልሽ። አንቺን እንዲገመግም ሳይሆን ሁለት ሦስት ተማሪዎችን ብቻ እንዲከታተል ንገሪው፤ ምን እንዳሉ፣ የቱ ጋ ዝም እንዳሉ ይጻፍ። አንቺ ሰሌዳው ጋ ሆነሽ ይህን ማየት አትችይም።

ያየሽውን ሁሉ በአንድ ሳምንት ለመቀየርም አትሞክሪ። አንድ ርዕስ ምረጪ። እሱን አሠርተሽ፣ ሌላ ክፍል ላይ አስተካክለሽ ደግሞ ሥሪው። ክፍሌ 60 ልጅ ነው ካልሽ ካርዶቹን በሦስት ቅጂ አዘጋጂ፤ ግብይቱ 15 ይሆናል፣ ዋጋው ግን ያው በ5 እና በ6 መካከል ነው። መንቀሳቀሻ ከጠበበ ግማሹ ይገበያይ፣ ግማሹ ዋጋ ይመዝግብ፤ ከዚያ ይቀያየሩ።

ስለ ሰርተፍኬቱ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። የደረጃ ዕድገትሽ ዘንድሮ የሚወሰን ከሆነና ያ ሰርተፍኬት ቁርጥ አድርጎ የሚያስፈልግሽ ከሆነ ኮርሱን ውሰጂ። እንጀራሽ ነው፤ ማንም ሊወቅስሽ አይችልም። እንደዚያ ካልሆነ ግን ኮርሱ ሌላ ጊዜም ይመጣል። እስከዚያው እውቀትሽን ማደስ ከፈለግሽ ኮር ኢኮን የሚባለው የኢኮኖሚስቶች ስብስብ ኦንላይን በነፃ ያስቀመጠው መማሪያ አለ። ከእውነተኛ መረጃና ከታሪክ ስለሚነሣ ለምሳሌ ፍለጋም ይሆንሻል። ኮርሱ ያለ ጥርጥር የሚያስፈልግሽ የምታስተምሪው ይዘት ራሱ ሲያደናግርሽ ነው፤ ከደብዳቤሽ ያን አላየሁም።

ወርክሾፑ ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ተማሪዎችሽ ከተሳሳቱባቸው የፈተና ወረቀቶች ጥቂቶቹን፣ ስማቸውን ሸፍነሽ፣ ይዘሽ ሂጂ። ጥያቄው ሲጠመዘዝ የጠፋባቸውን በተለይ። አሠልጣኙን በዕረፍት ሰዓት ያዢውና «ይሄ ልጅ ምን አስቦ ነው እንዲህ የጻፈው? አንተ ብትሆን ነገ ጠዋት በምን ትጀምርለታለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ከሌላ ትምህርት ቤት ለመጡትም መምህራን አሳዪያቸው፤ ተመሳሳይ ወረቀት በየቦርሳቸው ይኖራል። ስልካቸውንም ተቀበዪ፤ ዓመቱን ሙሉ የምትደዋወሉት ከእነሱ ጋር ነው።